በሱሪው እጥፋት

ግሪኖክ ላይ ዝናብ አይቋረጥም፣ ስሙን ብቻ ይለውጣል፤
ጠዋት ካፊያ ይባላል፣ ከሰዓት ዶፍ፣ ማታ ጉም ሆኖ ይተኛል።
ኢሽቤል ማካስኪል የአምስት ቁጥር አውቶቡስ መሪ ትይዛለች፤
ሻይ ስትጠጣ ግን መጠን የላት፣ ስኳሩን ታበዛለች።

ነርሷ የደሟን ወረቀት አየች፣ መነጽሯን በጣቷ ገፍታ፤
«ስኳር ገና አልያዘሽም፤ ደጅሽ ላይ ነው፣ ያንኳኳል ማታ ማታ።
ዐሥር ቀን ብቻ ሞክሪ፣ የተጨመረውን ተይ፤
የብርቱካኑን አልልሽም፤ ከፋብሪካ የመጣውን ለዪ።»

ዐሥር ቀን። ምን አላት? ኩርፊያ እንኳ ከዚህ ይረዝማል፤
ከእህቷ ከኤፊ ጋር ከተዘጋጉ ሰባት ዓመት ይሆናል።

የመጀመሪያው ቀን ቀላል ነው፣ ጉራ ይበቃዋል ለስንቅ፤
ለፈርገስ ነገረችው፣ ለመካኒኩ፣ ለተሳፋሪውም፣ ሳይጠየቅ።

በሁለተኛው ሱቅ ገብታ ቆርቆሮ ማንበብ ጀመረች፤
መነጽሯን ረስታ፣ ጽሑፉን ከአፍንጫዋ አስጠግታ ፈተሸች፦
ዳቦው ውስጥ አለ። ባቄላው ውስጥ አለ። የቲማቲም ድልሁ ውስጥ ሳይቀር፣
ቤት እንደሌለው ዘመድ በየሰው ጓሮ ሲያድር።
«አንተ ሌባ!» አለች ጮክ ብላ፣ ማንን እንደሆነ ሳይገባት፤
ዕቃ የሚደረድረው ልጅ ደንግጦ እጁን ከኪሱ አወጣላት።

ሦስተኛው ቀን ራሷን ፈለጣት፣ መሪው ከበዳት እንደ ድንጋይ፤
ሳንቲም የሚቆጥር ሽማግሌ ቢዘገይ፣ «ገና እስኪደርስ ልጠብቅህ ወይ?»
ሰውየው ዝም ብሎ ተቀመጠ፤ እሷም ዝም ብላ ነዳች፤
አምስት ፌርማታ ሙሉ ግን በልቧ ይቅርታ ለመነች።

ያን ሌሊት አባቷ መጣ።
ዱጋልድ፣ የስኳር ማጣሪያው ሠራተኛ፣ ጀርባው በጆንያ የጎበጠ፣
ቀኑን ሙሉ ስኳር ተሸክሞ ሻዩን መራራ የመጠጠ፤
ሲገባ ጫማው ይንኮሻኮሻል፣ ሱሪው ጠርዙ ላይ ታጥፏል፤
በዚያች እጥፋት፣ ሳያውቅ ይሁን አውቆ፣ ነጭ አቧራ ተጠራቅሟል።
ልጆቹ እግሩ ሥር ተንበርክከው ጣታቸውን በምራቅ ያርሳሉ፤
ነክረው ነክረው፣ ቤተ ክርስቲያን እንዳሉ፣ ድምፅ ሳያሰሙ ይልሳሉ።
እናት በፎጣ ታባርራለች። እሱ ግን እግሩን አያነሣም፤
ደሞዙ ሌላ ነበር፤ ይህ፣ ይህ ከሱቅ አይገዛም።
ማጣሪያው ተዘጋ። የጡቡ መጋዘን ክላይድ ዳር ቆሟል፣ ርግብ ወርሶት።
ዱጋልድም በስኳር ሞተ፤ በየትኛው እንደሆነ ማን ለይቶት?

በአምስተኛው ቀን ተሸነፈች። የፈርገስ ልደት ነበር፤
እናቱ በቅቤ ያበሰለችው ከረሜላ፣ ጥርስ ሲነካው የሚፈረፈር።
አንዷን ጎረሰች። ዓይኗ ተከደነ። ሁለተኛዋን በወረቀት ጠቀለለች፤
ቆጠራው ከአንድ ይጀምር ወይስ ከስድስት? ከራሷ ጋር ተከራከረች።
ከስድስት ቀጠለች። የነፍስ አባት የላት፣ ንስሐ ማን ሊሰጣት?
የተጠቀለለችው ግን ኪሷ ውስጥ ሁለት ቀን ሙሉ ከበደቻት።

በሰባተኛው ማታ ስልክ አነሣች።
«ኤፊ፣ የአባባን ሱሪ ታስታውሻለሽ? እጥፋቷን የምንልሳት?»
ዝም። ዝናብ። ከዚያ፦ «አንቺ ነሽ የምትልሺው። እኔ ጫማውን ነበር የምፈታለት።
አንዴ እንኳ አላቀመስሽኝም።»
ሰባት ዓመት ሙሉ ስለ ቤት ውርስ የመሰላት፣ እንደዚያ ብላ የተማረረችበት፣
ለካ ስለ ጣት ኖሯል፤ ስለ አንዲት ጣት፣ ነጭ አቧራ የቀረባት።

ዘጠነኛው ቀን ካሮት ገመጠች፣ መሪው ላይ፣ መብራቱ ቀይ እያለ፤
ደነገጠች፦ ይህ ሥር ይህን ሁሉ ጣፋጭ የት ደብቆት ዋለ?
ለካ ምላስ እንደ ጆሮ ነው፤ ጩኸት ሲበዛበት ይደነቁራል፤
ጥቂት ቀን ጸጥ ካሉለት ሹክሹክታ መስማት ይጀምራል።
በእኔ ቋንቋ ጦመ እና ጣመ፣ እግር ብቻ ነው የለያቸው፤
ኢሽቤል ፊደሉን አታውቅም፤ በአፏ ነው ያነበበቻቸው።

ዐሥራ አንደኛው ጠዋት። ዝናብ። ሻዩን ቀዳች፣ ጥቁሩን፤
ስኳሩ ጓዳ ነው ያለው፤ ማንም አልቆለፈም በሩን።
እሑድ ኤፊ ትመጣለች። ኬክ ይዛ ይሆናል። ይታያል።
ማንኪያውን አነሣች፣ ባዶውን። እጇ ልማዱን አልተወም፤
ታማስላለች፣ ቅጭል ቅጭል፤ የሚሟሟ ነገር የለም።