ሀስኪ

አጅማን፣ ከዓሣ ተራው ጀርባ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣
ታክሲ ለሚሹ ሁሉ ስልክ አነሣለሁ፣ እስክትወጣ ፀሐይ።
አለቃዬ ጆጂ፣ የኬረላው ሰው፣ በዓመቱ ማለቂያ
አንድ ቅጽ ሰጠኝ፣ የሥራ መለኪያ።
«ሰዓት ማክበር» ጥሩ። «ትሕትና» ጥሩ።
«ድምፅ» ከሚለው ፊት ግን አንዲት ቃል ተቀምጣ፣ ጨነቀኝ ምሥጢሩ፦
ሀስኪ።

ሙገሳ ናት? ነቀፋ? ደሞዝ ታስጨምር ይሆን ታስቆርጥ?
ፊቱን ሰረቅ አድርጌ አየሁት፤ ፊቱ ወረቀት ነው፣ ምንም አይገልጥ።

ማሪቼልን ጠየቅኋት። ብርቱካኗን እየላጠች ሳቀች፤
«ታድለሽ!» አለች፤
«ፊልም ላይ፣ ቀይ ቀሚስ የለበሰች ሴት፣ በሌሊት፣
ባንኮኒ ተደግፋ የምታወራበት፣
እንደዚያ ያለ ድምፅ ነው። ሴት ስትሆን ነው ታዲያ፤
ወንድ ቢሆን ኖሮ ሽሮፕ ነበር የሚታዘዝለት።»

ጉልዛር ሾፌሩ ግን ሻዩን እያማሰለ፣
«ውሻ ነው እኮ፣ የበረዶ አገር ውሻ፣ ጋሪ የሚስብ» አለ።
ውጭው አርባ ስምንት ዲግሪ። ኤሲው ባልዲ ውስጥ ያንጠባጥባል።
በረዶ ላይ የሚሮጠውን ድምፄን አሰብሁት፤ ምላሱን አውጥቶ ያለከልካል።

ከዚያ መዝገበ ቃላት፣ ከስልኬ፣ ሦስተኛው ፍች፦
«ገለባ የበዛበት፤ እንደ ገለባ ደረቅ።»
ገለባ?
እሱንማ ለእኔ ተዉት! ስለሱ እኔ ልጠየቅ።

ቆቦ፣ ማሽላው ሲያሽት፣ ማማ ላይ ወጥቼ፣
ወንጭፉን ተካፍለው ታላላቅ ወንድሞቼ፣
ለእኔ የደረሰኝ ጉሮሮ ነበረ።
ግሪሳው እንደ ደመና ሲወርድ፣ «ሃይ! ሃ...ይ!» ስል
ጀንበር አዘቀዘቀ፣ ዓመት ተሻገረ፤
እህሉ ጎተራ ገባ፤ ድምፄ አውድማው ላይ፣ ከገለባው ጋር ቀረ።

በሰርግ «አንቺ አጨብጭቢ» ይሉኛል፤ አንድም ቀን «አውጪ» ያለኝ የለም።
ሻካራ፣ ጎርናና፣ የተሰነጠቀ ቅል፤
ባገሬ ቋንቋ ለዚህ ድምፅ የሙገሳ ስም አላውቅም።
እናቴ እንኳ ስደውል፣ ሰባት ዓመት ሙሉ፣
«ጉንፋን ያዘሽ እንዴ?» ነው፣ ሰላምታዋ ሁሉ።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ግን አንድ ሽማግሌ ይደውላል፣ ከራሺዲያ።
አድራሻውን መዝግቤ እደግምለታለሁ፦ «ሕንፃ ሦስት፣ ከመስጊዱ ወዲያ።»
ዝም ይላል። ከዚያ፣ «መኪናው ይቅር» ይላል፤
«አድራሻውን ብቻ አንዴ ድገሚልኝ» ይላል።
እደግምለታለሁ።
ጆጂ ይሄን ሰምቶ ይሁን? እንጃ።

ከቅጹ ግርጌ «የሠራተኛው አስተያየት» ይላል፣ ክፍት ቦታ።
በአማርኛ ጻፍሁ፣ ሁለት ቃል፦ «ፍሬው ገብቷል።» ፈረምሁበት ማታ።
ጆጂ ወረቀቱን ገልበጥ ቀና አድርጎ፣ «ምን ማለት ነው?» አለኝ።
ልነግረው አፌን ስከፍት
ስልኩ ጠራኝ።