የሸራው ገመድ

ገመዱ የሸራ ነው፤
ከአሰብ እስከ ኮምቦልቻ ስንት ጭነት ያሰረ፣
ናፍጣና ጨው ጠጥቶ እንደ ጅማት የከረረ።
ጡረታ የወጣሁ ለት
መኪናውን አስረከብኩ፣ እሱ ግን እኔው ጋ ቀረ።

ዛሬ ቋጠሮ አለው፣ አሥራ አራት፣ በክንድ በክንድ ርቀት፤
ማለዳ ይዤው እወጣለሁ፣ ልጅ ልለቅም ከየቤት።
ነጃት ጉንጯ በቂጣ ተወጥሮ፣
ቶፊቅ ግራ ጫማውን በቀኙ ቀይሮ፣
ረድኤት እያዛጋች፣ የትናንቱን የቤት ሥራ መንገድ ላይ ልትጨርስ።
እናቶች ከደጃፍ ሆነው ምርቃት ይጀምራሉ፤
የወሎ ምርቃት ደግሞ፣ ማን ያቋርጠዋል፣ ረጅም ነው፤
መሀል ላይ "አሜን! አሚን!" ብዬ ሰልፌን ይዤ እሸሻለሁ።
ደወሉ አይጠብቅማ።

አስፋልቱ ዳር ስንደርስ ወሬው ሁሉ ጸጥ ይላል።
ከሐረጎ ቁልቁል የሚወርደውን ሲኖ
ገና ሳላየው ጆሮዬ ያውቀዋል፤
ማርሽ ቀንሶ ሲያቃስት፣ ፍሬኑ ግሎ ሲሸት፣
ሾፌሩ ነቅቶ እንደሆን፣ ወይ ዓይኑን ከፍቶ ተኝቶ እንደሆን።
ቀይ የቀባሁትን የድስት ክዳን ከፍ አደርጋለሁ፦ ቁም!
ሃያ ስድስት እግር ባንዴ ይቆማል።

ሃያ ስድስት። አዎ።
ቋጠሮው አሥራ አራት ነው፣ ልጆቹ ግን አሥራ ሦስት፤
የመጀመሪያዋ፣ ከእጄ ቀጥላ ያለችው፣ ባዶ ናት።
"ጋሽ ይመር፣ ይቺ የማን ናት?" ይለኛል ቶፊቅ በየሰኞው።
"የአንድ ልጅ ናት።"
"አርፍዶ ነው?"
"አዎ፣ አርፍዶ ነው።"

ሰማንያ ዘጠኝ፣ መስከረም። ሐረጎ ላይ ጉም ተኝቶ፣
ደብተሩን በፌስታል ይዞ፣ ብቻውን፣ ዳሩን ትቶ...
ፍርድ ቤቱ ነፃ አለኝ። ትራፊኩም መሰከረ፤
ፌስታሉ ግን ዓይኔ ውስጥ እንደበረረ ቀረ።
"አላህ ያመጣው ነው" አለችኝ እናቱ፣ በእርቁ ለት፤
ከዚያ የከበደ ጭነት አልጫንኩም፣ በዚያ ሁሉ ዓመት።

ባለፈው ሳምንት ከቆቦ በኩል አዲስ ልጅ መጣች፤
ከዋን ትባላለች፣
አክስቷ ዘንድ ያረፈች፣ ብዙም የማትናገር።
ማንንም ሳትጠይቅ፣ ዘው ብላ፣ ያቺኑ ቋጠሮ ያዘች።
"ተይ" ልል አፌን ከፈትኩ።
ቶፊቅ ቀደመኝ፦ "የሰው ናት እኮ! ልጁ አርፍዶ ነው!"
ከዋን ቋጠሮዋን አየች፣ መንገዱንም ወደኋላ፤
"እስኪመጣ ልያዝለት" አለች።

ሲኖው መጣ። ክዳኑን አነሳሁ። ሾፌሩ ከሩቅ መብራት ሰጠ፣
ፍጥነቱ እየሳሳ፣ ትንፋሹ እየተቆረጠ፣
ቆመ።
ሃያ ስምንት እግር ተሻገረ፤ የኔን ሳልቆጥር።

የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆጠርኳቸው፣ አሥራ አራት። ደግሜ ቆጠርኩ።
ቤት ስገባ ባለቤቴ የድስቷን ክዳን ጠየቀችኝ፣
እንደ ሁልጊዜው።
"ነገ" አልኳት።