ሞተሩ የጠፋ ዕለት

ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ዕረፍት ጭኜ፣
ዘጌ፣ ደቅ፣ ክብራን ስል የጀልባ ሰው ሆኜ፣
ዘንድሮ ደረሰኝ፤ እቁቡ ወጣልኝ።
“ባሕር ማዶ እንረፍ!” አልኩ፤ ቤቱ ዝም አለኝ።

ስለናት ቆረሶ ትጠብስ ነበረ፤
ከቤቱ ሰው ቀድሞ ዘይት ተናገረ።
“ባሕር ማዶ ስትል ጎርጎራ ነው?” አለች፣
ሳቋን እንዳላይባት ፊቷን አዞረች።

ልጆቼ አድገዋል፤ በቁመት አልፈውኛል።
ይትባረክ በጥቅምት ጅማ ይገባል፤
ሶልያና አሥራ ስድስት፤ ጆሮዋ ተደፍኗል።
“ልጅማ የት አለን?” ትላለች እናቷ፤ “ተከራይ ነው ያለን፣
ምግብ የሚያማርጥ፣ ኪራይ የማይከፍለን።”

የጃኬት ቆጠራ ወረቀት ገልብጬ፣
“በሉ አገር ጥሩ!” አልኩ፣ እስክሪብቶ ጨብጬ።

ወንዱ “ኢስታንቡል” አለ፤ ስታዲየም አማረው።
ሴቷ “ዛንዚባር!” አለች፤ ስልኳ ላይ ያየችው
ባሕር ሰማያዊ ነው፣ እንደኛ አይደለም ከክረምት በኋላ።
“ውኃው እኮ ጨው ነው፤ አይጠጣም፣” አልኳት።
“ልጠጣው ነው እንዴ?” ሳቋ መጣባት።
እናት፦ “ኢየሩሳሌም፤ ተሳልሜ ልሙት።”
“እማ፣ ለዕረፍት ነው፤ ማን አለ ለመሞት?”
“ዱባይስ?” ብላቸው፣ ሁለቱም “ኧረ!” አሉኝ፤
ከፋሲካ ወዲህ ያኔ ተስማሙልኝ።

“ካንድ ክፍል ካደርን ግን እኔ አልሄድም፣” አለች፤
“የሱን ማንኮራፋት!” ብላ ወንድሟን ገላመጠች።
ከዚያ በኋላማ ነገሩ ከረረ፤
ቪዛው፣ ዶላሩ፣ የፓስፖርት ወረፋው ተቆጠረ።
ቆረሶው አረረ።

እኔ ግን ዕረፍትን የማውቀው ከኋላ፣
ከጀልባው ጭራ ነው፤ ማጅራት ሲቀላ፣
ትከሻ ከትከሻ ጎን ለጎን ተቀምጦ ሳይነካካ ሲቀር፣
አባት መጽሐፍ ሲያነብ፣ እናት ፎቶ ስታነሳ፣ ልጅ ሲያኮርፍ ነበር
የማየው።

በኅዳር አንድ ቀን፣ ከደቅ ስንመለስ፣
ሞተሬን ሳል ያዘው፤ ጠፋ ሳንደርስ።
ከወደብ ጀምሮ ቃል ያልተነፈሰ
ጎረምሳ ነበረ፣ ኮፍያ የለበሰ፤
ገመዱን ከጆሮው ነቅሎ ወደኔ መጣ።
ቋንቋ የለን። ካንዴላዋን ፈትቼ ሳወጣ
በነጭ ሸሚዙ ጠረጋት፤ እፍ አለባት።
አባቱ በሳንቃ ቀዘፈ፤ ጀልባዋ ዞረችበት፣
አንዴ፣ ሁለቴ፣ እንደ በራይ በሬ ክብ ሠራች፤
እናት ሆዷን ይዛ በሳቅ ተንፈራፈረች።
እንጨት የጫነ ሰው በደንገል ታንኳው
“የኔይቱ ቤንዚን አትጠጣም!” ብሎን አለፈ፣ ሳቅ እያነቀው።

መሽቶ ደረስን። ገንዘቡን ልመልስ ብዬ አፍሬ ብቆም፣
እናትየው እጄን ያዘች፤ አልተቀበለችም።
ልጁ ዘይት በነካ መዳፉ ጨበጠኝ።
ብዙ ዕረፍት ጭኛለሁ። አንድ እሱ ቀረኝ።

ይህን ለልጆቼ አልነገርኳቸውም።

ዛንዚባር አሸነፈ።
“ኢየሩሳሌም ትቆየኝ፤ እሷስ የትም አትሄድ፣” ስለናት አለች።
ይትባረክም፦ “ለሷ ይሁን፤ እኔ በጥቅምት እሄድ የለ?”
ማንም አልመለሰም። ዘይቱም በረደ።
ሶልያና አንዱን ጆሮዋን ከፈተች።

“ሌላ ጥያቄ አለዎት?” አለችኝ የጉዞ ወኪሏ።
“የዚያ አገር ጀልባ፣” አልኳት፣ “ሞተሩ አሮጌ ነው?”
“አያስቡ፣ ጋሼ፤ አዲስ ነው ሁሉም።
ባሕር መካከል ቆሞ አያውቅም።”
“ይሁን፣” አልኩ። ከፋኝ።

ማታ ስለናት ሻንጣ ስታስተካክል፣
የካንዴላዬ ቁልፍ ወደቀ፣ ከካልሲዬ መሃል።
“ይሄ ደግሞ ለምን? የሚጠብቅ አለ?”
“ኧረ የለም፣” አልኳት፣ “የሚላላ ካለ።”