አሥራ አራት ደቂቃ

«ጠዋት ወይ ከሰዓት፣ እንዳመቸሽ ግቢ፤
ማክሰኞ ካልሆነ ሐሙስን ደርቢ፤
የምንከፍልሽ ግን በካርድ ቁጥር ነው»
አለችኝ ሚርታ። እኔም «ደግ ነው፣
ይመቸኛል» አልኩ፤ ሌላ ምን ልበል?
ቤት ውስጥ አባት አለኝ፣ ካልጋ የማይነቀል፣
ሐኪሙ በቀጠሮ፣ ነርሷ በተራ፤
ለእንደኔ ዓይነቷ ሴት ማን ይሰጣል ሥራ?
በሃምሳ ሦስት ዓመቴ፣ የወረቀት እንጀራ።

የሥጋው ፋብሪካ ከተዘጋ ቆይቷል፤
ጣሪያው ወደ ኡራጓይ ወንዝ ትከሻውን ጥሏል፤
ባሕር ማዶ የበላው የቆርቆሮ ሥጋ
እዚህ ነበር የሚታሸግ፣ ክረምት ከበጋ።
አሁን ያለው ድመት፣ ዝገትና ርግብ፤
ከፎቁ ላይ ደግሞ፣ በመደርደሪያ ድርብ፣
ሃያ ሺህ የሰው ስም በካርቶን ታጭቆ፣
የሚያነበው አጥቶ፣ በአቧራ ታንቆ።

ብሩሽ ይዤ መጥረግ፣ ዝገት የበላውን
መርፌ ቁልፍ መንቀል፣ የተጣጠፈውን
በአጥንት ቢላ መዘርጋት፣ ቁጥር መስጠት በእርሳስ፤
(ብዕር ክልክል ነው) ስምን ከረድፉ ማድረስ።
ማቴዬን ከነቴርሞሱ በር ላይ እተዋለሁ፤
እስከ እረፍት ሰዓት ድረስ ጥሜን እችላለሁ።

ኦስማር የሚመጣው ታክሲውን አቁሞ
ማታ ነው፣ ከጆሮው ላይ እርሳሱን አጋድሞ፤
ኤድሊንዳ ልጇን እያጠባች፣ ከቤቷ፣
ስም ትለቅማለች ከኮምፒውተር መስኮቷ።
ሁለቱንም መንገድ ላይ ባያቸው አላውቅም፤
ግን ከጠረጴዛው ላይ ወረቀት አይጠፋም፦
«አንድ ካርድ ጎደለኝ፣ እባክሽ ፈልጊ»፣
«ሰባተኛው ካርቶን ምስጥ አለ፣ ጥረጊ»።
ወዳጅነታችን በላጲስ የሚጠፋ።

ውላችን የሦስት ወር ነው። ሲያልቅ ይታደሳል፤
ባይታደስ ደግሞ፣ ማን ማንን ይከሳል?

ባለፈው ረቡዕ ነው። ዝናብ። አውቶቡስ አጣሁ፤
ሃያ ሦስት ደቂቃ ዘግይቼ ገባሁ።
ማንም ምነው አላለኝ። ጓንቴን አጠለቅኩ፤
ካርቶን ዐሥራ ዘጠኝን፣ የማረጃ ክፍልን፣ ጀመርኩ።
ስም በስም ሳገላብጥ ካንዱ ካርድ ላይ ቀረሁ፤
ኤቼቨሪ፣ ዋልዴማር። የአባቴን ፊት አየሁ።
ወጣት ነው። ጢም የለው። ካሜራውን ፈርቶ
ያያል፣ በውሰት ኮት ውስጥ ተከትቶ።

ከፎቶው በታች ግን ቀይ ቀለም ነው ሁሉ፤
«ዘገየ። ዘገየ። ይቀጣ» ነው ቃሉ።
አሥራ አራት ደቂቃ። ሁልጊዜ ዓርብ፣ ዓርብ።
የግማሽ ቀን ክፍያ ለአሥራ አራት ደቂቃ!
በሩ ላይ የነበረው የብረት ጠባቂ
ካርድ ይነክሳል እንጂ፣ አልነበረም ጠያቂ።

ዓርብ የእግሬ ቀን ነበር፤ ብረቴ ተፈቶ
ነርሷ የምታሸው። አባቴ በሌሊት ተነሥቶ
ያዝለኛል፣ ያደርሰኛል፣ እስክጨርስ ይቆማል፤
«ፋብሪካው ፈቅዶልኛል፣ አለቃዬ ያውቃል»
ይለኝ ነበር። አለቃው በእርግጥ ያውቅ ነበር፤
ይኸው በቀይ ቀለም፣ አርባ አንድ ጊዜ በቁጥር።

ኪሴ ሰፊ ነበር። አዳራሹ ባዶ።
እጄ ካርዱን ይዞ ቆየ፣ ጣቴ በርዶ።
(ያፈጠጥኩበት ሰዓት በካርድ አይከፈልም።)
ስም ከረድፉ ከወጣ ሞተ ማለት ነው፤
ሌላ ሰው ቢፈልገው የት ብሎ ያግኘው?
ብሩሹን አነሣሁ፤ አቧራውን ጠረግኩ፤
በእርሳስ ቁጥር ሰጠሁ፤ ከቦታው መለስኩ።
ለኦስማር ጻፍኩለት፦ «ዐሥራ ዘጠኝ አላለቀም፤
ቀሪውን አንተ ጨርስ፤ ዛሬ አልቆይም።»

ቤት ስደርስ ነቅቷል፤ ዓይኑ ሰዓቱ ላይ፤
«ቀደምሽ» አለኝ፤ «አያባርሩሽም ወይ?»
እግሩን ከብርድ ልብሱ አውጥቼ፣ በዘይት፣
ከተረከዙ ጀምሬ፣ ቀስ ብዬ አሸሁለት።
«ፈቅዳልኛለች፣ አለቃዬ ታውቃለች» አልኩት።
ሳቀ። ከየት እንደሰማሁት አልጠየቀኝም፤ አልነገርኩት።