ቁርጡን ይንገሩኝ

«ቁርጡን ይንገሩኝ፣ መምህር ኦዳይር» አለች፣
ጫማዋን በእጇ ይዛ ከጀልባ እንደወረደች።
ጥር ነው፤ ሳንታሬም በዝናብ ረጥባ ዋለች።
ታፓዦስ ወንዙ እያደገ የገበያውን ደረጃ ይልሳል፣
የትምህርት ቤቱ ቆርቆሮ ከእኔ ድምፅ በላይ ያወራል።

ዣንዲራ ናት፤ የሞተር ጠጋኙ የቴኖሪዮ ልጅ፣
በክፍሌ ሁሌ ቀድማ የምትወጣ ያቺ እጅ፣
ከጥፍሯ ሥር የአባቷ ግራሶ ያልለቀቃት እጅ።
ሕክምና ነው የምትፈልገው፤ በመንግሥቱ፣ በነፃው፤
የግሉንማ፣ ጀልባው ቢሸጥ ሁለት ወር አይከፍለው።

ሕጉ ይህ ነው፦ አምስት ቀን መዝገቡ ክፍት ይሆናል፣
በአገሩ ያለ ተፈታኝ ሁሉ ውጤቱን ይዞ ይሰለፋል፣
ሌሊት ሌሊት ሚኒስቴሩ የመቁረጫ ነጥብ ይለጥፋል፤
ሐሳቡን የቀየረ ሲነጋ ሌላ ሰልፍ መግባት ይችላል።

እኔም የታወቅሁበት ሥራ አለኝ፣ ደመወዝ የሌለው፦
ውጤት አይቼ ዕድል እገምታለሁ፤ ይህ ይገባል፣ ይህ ከንቱ ነው።
ሃያ ዓመት የሞላሁት ደብተር አለኝ፣ ምስጥ የቀመሰው፣ ያረጀ፣
ስንቱን ልጅ «ይሆናል»፣ ስንቱን «አይሆንም» ብሎ የፈረጀ።
እናቶች ዓሣ ያመጡልኛል፣ እንደ ጠንቋይ እየፈሩ፤
መደመርና መቀነስ ነው እንጂ ሌላ የለውም ምሥጢሩ።

የመጀመሪያው ሌሊት፦ በሁለት ነጥብ ከላይ ናት።
ቴኖሪዮ ሰምቶ የጀልባውን ጥሩምባ ሦስቴ ነፋላት።
ሁለተኛው፦ እኩል። ራት አልበላችም አሉ።
ሦስተኛው፦ የደቡብ ልጆች ጎረፉ፤ ሦስት ነጥቦች ጎደሉ።

ዛሬ አራተኛው ቀን ነው፤ ጫማዋን ይዛ ቆማለች።
«ቁርጡን» ትላለች።

ደብተሬን ገለጥኩ፤ አምና፣ ካቻምና፣ ከዚያም ወደ ኋላ፤
በመጨረሻው ቀን የወረደ ነጥብ የለም፤ ይወጣል እንጂ፣ እንደ ወንዝ ሙላ።
«ከመቶ አሥራ አንድ» አልኳት፤ «ዕድልሽ ይህ ነው፣ ልጄ።
ደን ሳይንስ ግን ዘጠና ስምንት ነው፤ ሠንጠረዡ ይኸው በእጄ።»

አላለቀሰችም። ዝናቡን የምትቆጥር ይመስል ቆርቆሮውን አየች፤
«ዛፍም ይታመማል፣ አይደል?» አለች፣ ልትስቅ እየሞከረች።
ከዚያ በእኔ ስልክ፣ የእሷ ካርድ አልቆ ነበር፣
ሰልፏን ቀየረች፤ ከሰው አካል ወደ ዛፎች አገር።

አምስተኛው ሌሊት የመጨረሻው ነጥብ ተለጠፈ።
መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አየሁት፤ አራት ነጥብ ረገፈ።
ወርዷል።
እንዴት? ስል አደርኩ፣ እስኪነጋ፣ እስኪያባራ ዝናቡ፤
ከዚያ ገባኝ። በየከተማው፣ በየወደቡ፣
በማናውስ፣ በማካፓ፣ ስሙን በማላውቀው መንደር፣
እንደኔ ያለ መምህር ያረጀ ደብተሩን እያገላበጠ ነበር፤
ጠርዝ ላይ የቆሙትን ሁሉ፣ በቅንነት፣ በስሌት፣
«ልጄ፣ ከዚህ ሰልፍ ውጣ» ብለን አስወጣናቸው በአንድ ዕለት።
ወንበሩ ተለቀቀ። የተቀመጠበት፣ ምክር ያልሰማን፣
ወይ ደፋር፣ ወይ መካሪ ያጣ፣ ወይ እንቅልፍ የጣለው፤ ማን ያውቃል ማን?

ስሌቴ ልክ ነበር። ያልቆጠርኩት እኔን፤
ተስፋ ቆረጠች እንዳልል፣ የያዝኩት እኔ ነኝ መቀሱን።

በማለዳ ቴኖሪዮ ደጄ ቆመ፣ በገመድ ያንጠለጠለ ቱኩናሬ፤
«ገባች! ከቤታችን የመጀመሪያዋ! እግዜር ይስጥልኝ መምህሬ!»
ዓሣውን ተቀበልኩት። አልነገርኩትም እስከ ዛሬ።

እሷ ግን ታውቃለች፤ ቁጥር ማንበብ ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

በየካቲት መርከቡ ሲነሣ ከጣራው ላይ እጇን አወጣች፤
ስንብት አይመስልም፤ እንደ ክፍል ውስጥ፣ ጥያቄ እንዳላት።
ሞተሩ ይጮኻል።
እኔም ከወደቡ፣ ከልማዴ፣
«እሺ፣ ዣንዲራ» አልኩ።