ፍንጭት

ሐይቁ በረዶ ሆኖ መርከብ በቆመበት፣
ተንደር ቤይ ወደብ ላይ፣ እህል በሌለበት
ባዶ ጎተራ ውስጥ ነው መጀመሪያ ያገኘኋቸው፤
ገመድና ማይክራፎን ተሸክሜ፣ ልቀዳቸው።
ሦስት ናቸው። ጓንታቸው ጣት ጣቱ ተቆርጧል፤
ትንፋሻቸው ከዜማው ቀድሞ ይታያል።
ኢልታ ታዜማለች፣ ኦወን ባንጆ ይዟል፣
ብረይደን ከበሮ የለው፣ ሻንጣ ይደበድባል።

"የባንዱ ስም ማነው?" ብዬ ብጠይቃቸው
ወደ ውጭ አዩና፣ ወደ መኪናቸው፣
"የበረዶ ጎማ" አሉኝ።
እሱ ብቻ ነበር አዲስ ንብረታቸው።

ሃርሞኒየም ነበረቻቸው፣ ከተዘጋ ቸርች የመጣች፣
በአርባ ዶላር ተገዝታ በሽቦ የታሰረች፤
ከነጫጭ ጥርሶቿ መሐል አንደኛዋ ዱዳ፣
ቢጫኗት ትንፍሽ አትል፤ ማስጠገኛው ኪስ ባዶ ሜዳ።
ኢልታም ዜማ ስታወርድ፣ ያቺ ቦታ ስትደርስ
ትዘላታለች፣ ኩሬ እንደሚሻገር ልጅ፣ ጫማዋ ሳይርስ።
ባንጆው አይደፍራትም፣ ሻንጣውም አይነካት፤
ሰሚው ነው ከራሱ ቀንሶ የሚሞላት።
ቆንጆ ስናወድስ "ፍንጭት ናት" እንላለን አይደል?
የነሱም ድምፅ ፍንጭት ነበር፣ ሲስቅ የሚያባብል።

ከዚያ መንገድ። ዘጠኝ ዓመት መንገድ።
ሳድበሪ ለሃያ ሰው፣ ኬኖራ ለሰባት፤
ከሰባቱ ሁለቱ አስተናጋጅ፣ አንዱ የኦወን አባት።
የሲዲው ሽያጭ ነዳጅ አይሞላ፣ አልጋቸው የሰው ወለል፤
ዋዋ ላይ መኪናው ቢቆም፣ ጎታች እስኪመጣ አንድ ዘፈን ሲበስል።

ያ ዘፈን ነው ታዲያ ለብርድ ልብስ ማስታወቂያ የተሸጠ፤
ቶሮንቶ ጠራቻቸው፤ ኪሳቸውም አበጠ።
ስቱዲዮው ጫማ ያስወልቃል። ባለሙያው፣ ጨዋ ሰው፣
ሃርሞኒየሟን ፈታታና የዛገውን አደሰው።
ዱዳዋ ተናገረች።
ሁሉም አጨበጨበ፣ ኢልታም አብራ አጨበጨበች።

አልበሙን ገዝቼ ሰማሁት፣ ሁለቴ፣ መብራት አጥፍቼ።
ጥርት ያለ ነው። ምንም አልጎደለው።
ምንም አለመጉደሉ ነው የጎደለው።

በጠብ አልተለያዩም። ኦወን መንታ ወለደ፣
ብረይደን ባቡር ጣቢያ ተቀጠረ፤ ባንዱ እንደ ሻይ በረደ።

ባለፈው መጋቢት ኢልታ ጋራዤ መጣች፣
አደራ የሰጠችኝን ሃርሞኒየም ልትወስድ።
ቆማ ነካካቻት። ያቺ ጥርስ ጮኸች።
ፊቷን አዞረች።
ከመደርደሪያዬ አንዲት ክብሪት አነሳች፣
ከጥርሷ ሥር ወተፈች፣
ተቀመጠች፣
ከዚያ ዘለለች።

ውጭ የጣሪያው በረዶ ይንጠባጠባል፣
ማይክራፎኑ አጠገቤ ነው፣ ገመዱም ተሰክቷል።
አልከፈትኩትም።