ሰፊ አፍ ለንጉሡ

አባቴ እጁ ሲዝል፣ ጣቱ መንቀጥቀጥ ሲጀምር፣
ሙያው ለእኔ ወረደ፦ ጨርቅ በሙጫ ማዋደድ፣ ፊት ከጄሶ መማገር።
በአቴና፣ ከሸክላ ሠሪዎች ሰፈር፣ ከግንቡ ጥግ ነው ቤታችን፤
የዓሣ ሙጫ ይሸታል ልብሳችን፣ ጸጉራችን፣ ዳቧችን።

በበዓሉ ዋዜማ የደጋሹ ሎሌ መጣ፣
ድራክማ ከከረጢቱ እየቆጠረ ትዕዛዙን እንዲህ አወጣ፦
«ሁለት ፊት ነው የምፈልገው። አንዱ ንጉሥ፣ አንዷ ልጃገረድ፤
እሱ ሬሳ እንዳይቀበር የሚያውጅ፣ እሷ ለመቅበር የምትወርድ።
የንጉሡን አፍ አስፊው፣ ከኋላ ላሉት እንዲሰማ፤
የሷ ጠበብ ይበል፤ ምን ታወራለች? ሴት ናትማ።»

ምን ያውቃል እሱ?
ወንድሜ ዴክሲዮስ፣ ቀዛፊው፣ መዳፉ እንደ ገመድ የሻከረ፣
ከድንበሩ ድንጋይ ማዶ፣ በኤሌፍሲስ መንገድ፣ አሥራ አንድ ቀን አደረ።
ምሽግ ለጠላት ከፈተ አሉ። ከፍቶ ይሆናል። እኔ አላየሁም።
ሸንጎው በጠጠር ቆጠረ፤ ከጠጠሩ ጋር አልጣላም።
ሞት አንድ ነው ለሰው፤ የከተማው ሕግ ግን ሁለቴ ገደለው፤
አንዴ አንገቱን ቀጣው፣ አንዴ አፈር ከለከለው።

አዋጁ ከገበያው ግድግዳ፣ በነጭ ሰሌዳ ላይ ሰፍሯል፦
«የቀበረው እንደ እሱ ይሆናል።»
ተጽፏል፣ ቀኑ ተቆጥሮ፣ የወሩ ስም ገብቶ።
የታች አማልክት ሕግስ የት ተጻፈ? ማን አትሞት፣ ማን አይቶ?
እናቴ ከመቃብር ደጅ ቆማ ማር ስታፈስ፣
ምንም አላነበበችም፤ እጇ ብቻ ነው ያወቀው፣ ወደ መሬት ሲመለስ።

አባቴ ከግድግዳው የተሰቀሉ የድሮ ፊቶችን ያያል፣
«ሕግ ሲፈርስ ከተማ ይፈርሳል፤ ከተማ ሲፈርስ መቃብሩስ የት ይቀራል?»
እውነት አለው። እሱም አባት ነው፤ ማታ ማታ ሲነሳ፣
በጨለማ ጭቃ ይዳስሳል፣ የልጁን አገጭ እንዳይረሳ።

ጄሶውን በጠበጥሁ።
ንጉሡን ሠራሁ መጀመሪያ። ቅንድቡን ወፈር፣ ግንባሩን እጥፍ።
ክፉ ላደርገው አስቤ ነበር፤ የወጣው ግን ሰው ነው፣ ያጣ እንቅልፍ፤
መርከቡ እንዳይሰምጥ የፈራ፣ ቀዛፊ ሁሉ ጠላት የመሰለው።
የሚያስፈራው ይኸው ነው፤ ለከተማው አልቅሶ ነው የሚገድለው።

የልጅቷን ሳደርቅ ውሀ ውስጥ አየሁ፤ የራሴ ጉንጭ ነበር።
አፏን አላጠበብሁም። እንደ ጉድጓድ ከፈትሁት፣ እንደ መቃብር።

በበዓሉ ቀን ከኮረብታው ጀርባ፣ ከወይራው ሥር ተጠጋሁ፤
ነፋስ ቃሉን ይበላዋል፤ ለቅሶውን ግን ሰማሁ።
አሥር ሺህ ወንድ አለቀሰ! ስለሌለ ሬሳ፣ ስለ ጨርቅ ሴት፣
አዋጁን የጻፈው ጸሐፊ ሳይቀር፣ ከፊት ረድፍ፣ ከአማልክቱ ፊት።
ለተረት ሬሳ ይህ ሁሉ እንባ እንደ ጎርፍ ከተደፋ፣
ምነው ለእውነተኛው ሲሆን እፍኝ አፈር ጠፋ?

በማግስቱ፣ ጎህ ሳይቀድ፣ የተረፈ ጄሶ በስልቻ ተሸከምሁ፣
ማር በትንሽ ማሰሮ። የድንበሩን ድንጋይ ተሻገርሁ።
ወፎች ነበሩ። ስለ እሱ አልናገርም።
መዳፉን አወቅሁት፤ ሻካራነቱ አልሞተም።
አንድ እፍኝ። ሁለት። ጄሶው ከጤዛው ጋር ሲጋገር፣
ፊት አልባው ወንድሜ ፊት አወጣ፤ ነጭ፣ ዝም ያለ፣ ያለ አገር።

«ማን ነሽ?» ዘቡ ነበር፤ ጦሩ ከእኔ ቁመት የበለጠ፣
ወጣት ነው፤ ከዓይኑ ሥር የትናንት ለቅሶ ያበጠ።
«ሕጉን ታውቂያለሽ?» አለኝ። «የትኛውን?» አልሁት።
ዝም አለ። ነጩን ጣቴን፣ የጄሶውን ዱቄት ሲያይ አየሁት።
«ትናንት...» ጀመረ፣ ተወው። «ትናንት ከዚያ ነበርሁ» አለ።
«እኔ ነኝ የሠራኋት» አልሁት። ጦሩ እጁ ላይ ዋለለ።

አፈር አይደለም የጎደለው፤ ማፈር ነው ከተማው ያጣው፤
ይህን ለዘቡ አላልሁትም። ማሩን አፈሰስሁ፤ ምድሩ ጠጣው።

ከመንገዱ የሌሎች ዘቦች ሳቅ ይቀርባል፣
የጫማቸው ሚስማር ድንጋይ ላይ ይቆጥራል።
ሁለት እፍኝ ቀርቶኛል፤ ገና እግሩን አልሸፈንሁም።
ዘቡ ፊቱን አዞረ።
የትኛውን ፊቱን እንደሆነ ከጀርባው ማየት አልቻልሁም።